የፀሐይ ቱቦው የት ይውረድ

ጥር 6 ቀን 2006፣ ጅጅጋ

የጎረቤታችን ፎቅ ሦስተኛው ወለል ዛሬ አለቀ። ሠራተኞቹ ከላይ እየዘፈኑ ሲሚንቶ ሲያቀብሉ፣ እኔ በጠራራው ቀን፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኮሪደር ውስጥ ጫማዬን በእጄ እየዳበስኩ ነበር። በምዕራብ በኩል የነበሩን ሁለት መስኮቶች ከእንግዲህ የሚያሳዩን ብሎኬት ብቻ ነው። አምፖል አብሪ የሚለኝ አይጠፋም። መብራት ጅጅጋ ውስጥ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲሄድ አይሰናበትም።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ሃያ ዓመት እዚህ ስኖር ንፋሱንም አቧራውንም ለምጃለሁ። ጨለማ ቤት ግን አልለምድም፤ አቦ፣ አልለምድም። ባሌ ሂርሲ "ቤቱ ቀዝቀዝ አለልን እኮ" አለኝ። ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ በሚተኛበት በጥር ወር!

ደግነቱ መፍትሔው በእጄ ነው። ባለፈው የሂርሲን እናት ሆዮ ሳዳን ለደም ግፊቷ ክሊኒክ ወስጃት ነበር። መድኃኒት የሚያድሉበት ክፍል መስኮት የለውም፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር፤ ክፍሉ ግን ወገግ ብሏል። ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ ሳህን የሚያህል ክብ ብርሃን አለ። ጄኔሬተር ገዛችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ሳቁብኝ። ለካ ከጣሪያ እስከ ኮርኒስ የሚወርድ የላሜራ ቱቦ ነው። ውስጡ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ፀሐይዋን ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች ይሰዳታል። የሠራው አሸንዳና የውሃ ታንከር የሚሠራው ጋሽ ካሣዬ ነው አሉኝ። በዚያው ሱቁ ሄጄ ሁለት አዘዝኩ። የት የት እንደሚሆኑ እኔ አውቃለሁ።

ጥር 9

ካሣዬ መጣ። ክፍሎቹን ያያል ብዬ በር በሩን ከፍቼ ስጠብቀው እሱ ቀጥ ብሎ ጣሪያ ላይ ወጣ። ቱቦ ጥላ ላይ ከተተከለ የሚያወርደው ጥላ ነው አለ። የፎቁ ጥላ በየሰዓቱ የት እንደሚደርስ በጠመኔ ቆርቆሮው ላይ እንዳሰምር ነግሮኝ ሄደ።

ሱቄን ዘግቼ ራሴ ወጣሁ። ሴት ጣሪያ ላይ ወጣች ተብሎ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየኝ፤ ይየኝ። ከእግሬ ሥር፣ እንግዳ በምንቀበልበት መጅሊስ ውስጥ፣ ለእርቅ የሚመጡት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ወሬያቸው ቀጥ አለ። የሂርሲ አጎት አደር ዴቅ ወደ ግቢ ወጥቶ ቀና አለና ድመት መስለሽን ነበር አለኝ። ድመት ብሆንማ ቀስ ብዬ እሄድ ነበር አልኩት።

ጥር 13

ዛሬ ሱቁ ቀዝቅዞ ነው የዋለው፣ ስለዚህ ጊዜ አለኝ።

ስለ መጅሊሱ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም። ሂርሲ ከኅዳር ጀምሮ ቤት ነው። ደገሀቡር መንገድ ላይ፣ ሊመሽ ሲል፣ ፍየሎቹን የሚያሻግር ጃማ የሚባል ሰው በመኪናው ገጨ። ራሱ አንስቶ፣ ራሱ ሆስፒታል አደረሰው። ሰውየው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ፤ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ብረት ገብቶበታል። የትራፊኩ ጉዳይ አልቋል። ያላለቀው የሽማግሌው ነው። የጃማ ዘመዶች ይቅር እስኪሉ ድረስ ሂርሲ በዚያ መንገድ አያልፍም፣ የእኛ እንጀራ ደግሞ ያ መንገድ ነው። መኪናው ጋራዥ ቆሟል። ጎማው አፈር እየያዘ ነው።

እርቁን የያዘው አደር ዴቅ ነው። የጃማ አጎት ዐብዲኑር ሰዎቹን ይዞ በየጊዜው ይመጣል፤ ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው እኔ መጅሊስ ይገባሉ፣ እስኪመሽ አይወጡም። ሻዩ የእኔ፣ ስኳሩ የእኔ፣ ትራሱ የእኔ። ምን ላይ ደረሳችሁ ስል "እየሄደ ነው" ይሉኛል። የት ነው የሚሄደው? ከትራስ ወደ ትራስ?

አደር ዴቅ ሂርሲን የሚያስቀምጠው በሩ አጠገብ ያለው ጥግ ነው፣ የመጨረሻው ጨለማ ቦታ። ዐብዲኑርን ደግሞ ከማዶ ግድግዳ ሥር። ለምን እንዲህ ታራርቃቸዋለህ ብዬው ነበር። "ቁስሉ ትኩስ ነው። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ መጀመሪያ በጆሮ ይላመዱ" አለኝ። እኔ የጫት ፍልስፍና ነው የምለው። ሰው ጨለማ ሲመቸው መሄድ አይወድም፤ ይኸው ነው። ብርሃን ቢገባ ሁሉም ሥራውን ያስታውሳል፣ ነገሩም ቶሎ ያልቃል። ድሬ ላይ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ በአደባባይ ነው የሚጣላውም የሚታረቀውም።

ሂርሲም እንደነሱ ሆኗል፤ እዚያ ጥግ መቀመጥ ለምዷል። ሽማግሌዎቹ በማይመጡበት ቀን እንኳ ምሳ በልቶ ሄዶ እዚያው ይቀመጣል። ብቻ ጫቱን ሳይነካ ነው የሚተወው፤ ስጠርግ እስሩ እንዳለ አገኘዋለሁ፣ ለፍየሏ እሰጣታለሁ። ቁጠባ መሆኑ ነው። ሌሊት ደግሞ እየተነሳ ግቢ ይወጣል። ሙቀት አላስተኛኝ አለ ይላል።

ጥር 16

የጠመኔው ምልክት ተጠናቀቀ። ካሣዬ አይቶ ጎበዝ ብሎኛል።

ፎቁ በምዕራብ ስለሆነ እስከ ቀትር ጣሪያው ሁሉ ፀሐይ ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ጥላው ወጥ ቤቱን ይይዛል፣ ቀጥሎ ኮሪደሩን። በምሥራቅ ጫፍ ያለው መጅሊስ ብቻ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ አለው። ስለዚህ አንዱ ቱቦ ወጥ ቤት፣ ጠዋት ስለማበስል። ሌላው መጅሊስ። እኔ አይደለሁም የመረጥኩት፤ ፀሐይ ናት የመረጠችው።

ሆዮ ሳዳ ሁለተኛው ኮሪደሩ ላይ ቢሆን አለች። ለሶላት ልትታጠብ፣ ለውዱእ ስትሄድ በግድግዳው እየተመራች ነው የምትሄደው። ጠዋት ብቻ ብርሃን የሚያገኝ ቦታ ላይ ቱቦ ማባከን ነው ብዬ አስረዳኋት። ዝም አለችኝ። ሆዮ ዝም ስትል አይደላኝም። ግን መንገዱን በእጇ ታውቀዋለች፣ ስንት ዓመቷ እዚህ ቤት።

(የወጥ ቤቱም ጠዋት ብቻ ነው ብርሃን የሚያገኘው። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ይሁን፤ ወጥ ቤት ሌላ ነው።)

ጥር 20

የወጥ ቤቱ ተተከለ! ካሣዬ ኮርኒሱን በክብ ቆርጦ ቱቦውን አወረደው፣ ከላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከደነበት፣ ከታች ብርሃኑን የሚበትን ነጭ ክዳን ገጠመበት። እዚያው ቆሜ ሳቅኩ። ዓመት ሙሉ ንጹሕ መስሎኝ የማበስልበት ግድግዳ ጥላሸት ብቻ ነው። ግማሽ ቀን ስፈገፍግ ዋልኩ። ሆዮ መጥታ ቆማ አየችና "ብርሃን ሥራ ያመጣል" ብላ ሄደች።

ጥር 23

መጅሊሱ። ካሣዬ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን እንጨት አየ። ሞራሌ ሳይቆርጥ ቱቦ የሚያሳልፍበት ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ አንዱ መሐል ላይ፣ ሌላው በሩ አጠገብ ካለው ጥግ በላይ። የመሐሉን የቴሌቪዥኑ ሳህን ጥላ ይነካዋል፣ ትንሽ። የጥጉ ንጹሕ ነው።

"እዚህ ማን ነው የሚቀመጥ?" አለኝ።

ባለቤቴ ነው አልኩት።

"ራሱ ላይ ይወርድበታል እኮ።"

"ይውረድበት። ባሌ የሚደበቅ ሰው አይደለም" አልኩት።

ነገ ያልቃል።

ጥር 25

ቸኩያለሁ። ዛሬ ዐብዲኑር ይመጣል። መጅሊሱ ቁልጭ ብሏል፣ ምንጣፉ ቀለም እንዳለው እንኳ ረስቼው ነበር። ትራሶቹን አጠብኩ። ለሂርሲ ነጩን ሸሚዝ ተኮስኩለት፣ የዒዱን። አልፈልግም አለ፤ አስለበስኩት። እንዲህ ባለ ብርሃን በአሮጌ ሸሚዝ አይቀመጥም። ሻዩ ፈላ

ጥር 25፣ ማታ

ሄዱ። ጫቱ አልጣማቸውም መሰለኝ።

ጥር 27

አልጣማቸውም ያልኩት ውሸት ነው። ለራሴ ደብተር የምዋሸው ለማን ብዬ ነው።

ዐብዲኑር ገብቶ ቦታው ተቀመጠ። ሻይ ይዤ ስገባ ጀምረው ነበር። ብርሃኑ ልክ እንዳሰብኩት ሂርሲ ላይ ወርዷል፤ ሸሚዙ ዓይን ይስባል፣ ፊቱ ወዝ አለው፣ ቅባት ቀብቼው ነበር። ዐብዲኑር አንገቱን አዙሮ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በሶማሊኛ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ "የእኛ ልጅ ተጋድሟል። የእናንተ ሙሽራ ሆኗል" አለ። ከዘራውን ይዞ ተነሳ። ሰዎቹ ተከተሉት። ጫታቸውን እንኳ አልያዙም።

አደር ዴቅ ተከትሏቸው ሮጠ። ሂርሲ ከብርሃኑ ሥር አልተነሳም። ሸሚዙን አውልቆ አጣጥፎ ሰጠኝ።

እኔ አሁንም ሐሳቡ ልክ ነበር እላለሁ። ቱቦው በደንብ ነው የተሠራው። ዐብዲኑር ሰበብ ይፈልግ ነበር። ሰበብ የሚፈልግ ሰው በጨለማም ያገኘዋል።

የካቲት 4

ማንም አይመጣም። ሻይ የለ፣ ስኳር የለ፣ ቤቴ ለራሴ ሆነ። ከሰዓት በኋላ መጅሊሱ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የሱቅ ዕቃ አስተካክላለሁ። ብርሃኑ እጹብ ነው። ምንጣፉ ላይ የተቃጠለ ቦታ አገኘሁ፣ ግድግዳው ላይ የራስ ቅባት። እነዚህ ሰዎች ሁለት ወር ሙሉ ምን እንዳደረጉት!

ሂርሲ ጋራዥ ይውላል። መኪናውን እየጠገነ ነው እላለሁ ለሚጠይቀኝ። ዛሬ ምሳ ወሰድኩለት። ኮፈኑ ዝግ ነው። እሱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ፣ መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ለጥፏል። ፀሐይ እንዳይገባ ነው አለኝ። መቼም ሹፌር የራሱ ጠባይ አለው።

የካቲት 9

አልሰማም ብዬ ሰማሁ። አደር ዴቅ ግቢ ውስጥ ከሆዮ ጋር ተቀምጦ ነበር፣ እኔ ወጥ ቤት። ዐብዲኑርን ሦስት ቦታ አስጠይቄው እንቢ አለኝ አላት። "ሁለት ወር ድምፁን አላመድኩት። ሂርሲ ሲያስል እንኳ 'አሞታል እንዴ' ብሎ የጠየቀበት ቀን ነበር። አንድ ቀን ሲቀረኝ ሚስቱ ፀሐይ ጣለችበት።"

ሆዮ ምን ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ጆሮዬን ከመጥበሻው አንስቼ። "ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ችኩል ናት" አለች።

ክፉ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን የት ብዬ ነው የምለቅመው? አንድ ቀን ሲቀረው! የጫት ፍልስፍና ያልኩት ይኼንን ነው። ቦታውን ፀሐይ መረጠችው ያልኩትም ውሸት ነው፤ የመሐሉ ቦታ ምንም አልነበረበትም፣ የሳህኑ ጥላ የመዳፍ ያህል ናት። እንዲወጡልኝ ነው የፈለግኩት። ወጡልኝ።

ይኼን ጽፌ ወጥ ቤት ስሄድ ኮሪደሩ ውስጥ ሆዮን ገጨኋት። እሷ በግድግዳው እየተመራች ነበር፣ እኔ በእልሄ። ይቅርታ አልኳት። ስለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

የካቲት 14

ዛሬ እኔና ሆዮ ጃማን ጠየቅን። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ሆዮ ግን "ሄደሽ አትናገሪ፣ ሄደሽ እዪ" የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገባችብኝ። የእርቁ ነገር በሽማግሌ ነው፣ የታመመ መጠየቅ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም አለች።

ጃማ ያለው ከተማው ጫፍ፣ እህቱ ሳጋል ቤት ነው። ሳጋል ማን እንደሆንን ስታውቅ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሆዮን በእጇ ይዛ አስገባቻት፤ እኔ በሆዮ ጀርባ ገባሁ።

ክፍሉ ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም፣ በሩም ዝግ ነው፤ ከተከፈተ የሜዳው ንፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል፣ ቁስሉ ላይ ደግሞ አቧራ ክልክል ነው። ስለዚህ ሰውየው ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ተኝቷል። መጀመሪያ ያየሁት እግሩን የጠቀለለበትን ነጭ ጨርቅ ነው፤ ፊቱን ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። የሂርሲ እኩያ ነው። ሽማግሌ መስሎኝ ነበር።

ሆዮ ስለ ዝናብ፣ ስለ ፍየል አጫወተችው። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም፣ ሃያ ዓመት ያላየችብኝን ዝምታ። ሲሰለቸኝ ቀና አልኩ። ኮርኒስ የለውም። ከቆርቆሮው እስከ ሰው ራስ ክንድ ቢሆን ነው። ዓይኔ ሞራሌዎቹን መቁጠር ጀመረ፣ ፎቅ የለ፣ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ።

ሳጋል የግመል ወተት ያለበት ሻይ ሰጠችን። ስንወጣ ጃማ ሆዮን ፀሐይዋ የት ደርሳለች ብሎ ጠየቃት። ሆዮ ነገረችው። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ሆዮ አቧራ ነው ብላ መሐረቧን ሰጠችኝ።

የካቲት 17

ካሣዬን አስጠርቼ የመጅሊሱን ቱቦ አውርድልኝ አልኩት። አልገባውም። ቦታ እንቀይር እንዴ አለኝ። አዎ፣ ቦታ እንቀይር፣ ግን ከዚህ ቤት ውጭ አልኩት።

መሰላሉ ሲቆም ሂርሲ ከጋራዥ መጣ። የት ልትወስጂው ነው አለ፤ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። መሰላሉን ያዘለት። ካሣዬ እስኪወርድ ድረስ ይዞ ቆየና ወደኔ ሳይዞር "እግሩን አየሽው?" አለኝ።

አየሁት አልኩ።

"ይድናል?"

ስለ ጃማ ሲጠይቅ ይኼ የመጀመሪያው ነው። እኔም ጠይቄው አላውቅም፤ ያን ምሽት ምን እንዳየ፣ እንዴት እንዳነሳው። እርቁ መቼ ያልቃል ነው የምለው የነበረ።

የካቲት 18

አደር ዴቅ ሰምቶ መጣ። ተቆጣ። ያለ ሽማግሌ ካሳ ሰጡ ይባላል፣ ዐብዲኑር ሊገዙን ነው ይላል አለ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሆዮ ቀደመችኝ። "ካሳ አይደለም። ሰው ሕመምተኛ ሊጠይቅ ስኳር ይዞ ይሄዳል። እኛ ፀሐይ ይዘን እንሄዳለን" አለችው። ሽማግሌው ጢሙን አሻሸ። በኋላ ይኼን ዐብዲኑር ጋ ሳደርሰው ያንቺ ቃል ነው እላለሁ ብሎ ወጣ።

የካቲት 21

ተተከለ። ሌላ ቦታ።

እኔ መቼም አልማርም፤ ገና ስንገባ ከአልጋው በላይ ይሁን አልኩ። ሆዮ አየችኝ። ዋጥኩት። "ጃማ፣ የት ይሁን?" ብዬ ጠየቅኩት። በዚህ ወሬ ሁሉ ይኼን ጥያቄ ሰው ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ጃማ ቆርቆሮውን በዓይኑ ዞረው። ከራሴ በላይ ከሆነ ዓይኔን ይወጋኛል አለ። ከአልጋው ማዶ፣ ወለሉ ላይ እንዲወርድ ፈለገ። ደግሞ ነጩን ክዳን አልወደደውም። እሱ ዕድሜውን ሁሉ ሜዳ ላይ የኖረ ነው፤ ክፍሉ እንዲነጣ ሳይሆን ፀሐይዋ ስትሄድ ማየት ነው የሚፈልገው። ካሣዬ ኮርኒስ ስለሌለ ቱቦው አጭር ይበቃል፣ ክዳኑንም እተወዋለሁ አለ፤ በመቀስ ቆርጦ የክንድ ግማሽ አደረገው። ያ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ቱቦዬ!

ሲጨርስ ወለሉ ላይ አንድ ክብ ፀሐይ ወረደች፣ ድፎ ዳቦ የምታህል። ጃማ ክርኑ ላይ ተደግፎ አያት። ሻይ ጠጥተን ስንነሳ ክቧ ከምንጣፉ ጫፍ ወደ መሐል ሄዳ ነበር። እሱ አሁንም እያያት ነበር።

መጋቢት 5

ዝናብ! የዓመቱ የመጀመሪያ፣ ሌሊቱን ሙሉ። አልተኛሁም። የጃማ ቢያፈስስ? ቁስሉ ላይ? ሰውየውን አንዴ በመኪና አንዴ በውሃ።

ጠዋት ሳልቆርስ ሄድኩ። ሳጋል ከሩቅ አይታኝ ሳቀች፣ ጭቃዬን። ጠብታ የለም አለች። ቤቴ ስመለስ የራሴ ወጥ ቤት ሽሮው ውስጥ ያንጠባጥባል። ካሣዬን ጠየቅኩት፤ ውሃ እንዳይገባ የሚቀባውን ሲሊኮን እዚያ አብዝቼ ቀባሁት መሰለኝ አለኝ። ደግ አደረግክ አልኩት፣ ባልዲ አስቀምጬ።

መጋቢት 12

አደር ዴቅ የሆዮን ቃል አድርሶለት ዐብዲኑር ላከ። ሽማግሌው ይቀመጥ፣ ግን ጃማ ያለበት፤ ሂርሲም ይምጣ አለ። ነገ ነው።

ሂርሲ ምን ልልበስ ብሎ ጠየቀኝ። የፈለግከውን አልኩት። እጄን ካውያው ላይ እንዳላሳርፍ ሱቅ ሄጄ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 13

ሁሉንም ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ወንዶቹ ጃማ ክፍል ገቡ። እኛ ሴቶቹ ከማዶ፣ ሳጋል ምግብ የምታበስልበት ውስጥ ሆንን፤ መሐላችን ቆርቆሮ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ ቀዳዳ አለው። አየሁ። ማየት ልማዴ ነው።

ሂርሲ በሩ አጠገብ፣ ጥጉን ፈልጎ ተቀመጠ። የሥራ ጃኬቱን ነው የለበሰው፣ ያን ምሽት የለበሰውን። አደር ዴቅ ዱዓ አድርጎ ጀመረ፤ ብዙ አልሄደም። ጃማ እጁን አነሳ። "ሹፌሩ ከዚያ ይነሳና እዚህ ይቀመጥ" አለ፤ ፀሐይዋ የወረደችበትን ወለል በከዘራው ጫፍ ነካ አደረገው።

ዐብዲኑር አጉረመረመ። አደር ዴቅ ዓይኑን ጨፈነ። ሂርሲ ተነስቶ ሄዶ ብርሃኑ ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ደፋ።

ጃማ ቀና በል አለው። ቀና አለ። ሰውየው ባሌን ረጅም ጊዜ አየው። እኔም አየሁት፤ ወላሂ፣ ከኅዳር ወዲህ ዛሬ ነው ያየሁት። ፊቱ ቅባቴ ያልሸፈነው ፊት ነው። የዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ቆዳው የታመመ ሰው ቆዳ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ።

ጃማ እንዲህ አለ፦ "አንተም ቤት ውስጥ ነበርክ እንዴ?"

ሂርሲ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"እኔን እግሬ አስቀመጠኝ። አንተንስ ማን አስቀመጠህ?"

ያኔ ሂርሲ አለቀሰ። ሽማግሌ ፊት፣ ወንድ ፊት፣ እጁን እንኳ ፊቱ ላይ ሳያደርግ። ዓይኔን ስጨፍን ፍየሎቹን አያለሁ አለ። ቁልፉን ማዞር አልቻልኩም፣ መኪናው አልተበላሸም፣ ምንም አልሆነም፣ እኔ ነኝ አለ። ጃማ ከአልጋው ተንፏቅቆ እጁን ዘረጋለት። ሂርሲ ያዘው። ዐብዲኑር ከዘራውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ለእርቁ ፋቲሃ ይቀራ አለ።

የቀረውን ሽማግሌዎቹ ጨረሱት፤ ቀላል ነበር። እኔ ቆርቆሮውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ሙቀት አላስተኛኝ ሲለኝ በጥር ብርድ አምኜዋለሁ። ያልተነካውን ጫት ለፍየል ሰጥቼ ቁጠባ ነው ብያለሁ። ጋዜጣ የተለጠፈበት መስታወት አይቼ የሹፌር ጠባይ ነው ብያለሁ። ቤቴን ሁሉ ላበራ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ጠመኔ የያዝኩት እኔ አላየሁትም፤ ባሌን ያየልኝ ባሌ የሰበረው ሰው ነው።

ሆዮ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። ምንም አላለችም፤ ዛሬ ዝምታዋ ደላኝ።

መጋቢት 19

ካሣዬ አዲስ ያዘዝኩትን ሦስተኛ ቱቦ ይዞ መጣ። የመጅሊሱን ቀዳዳ በላሜራ ደፈነው፤ አደር ዴቅ ገብቶ አየና አሁን ገና ቤት ሆነ አለ። አዲሱ የት ይሁን ሲለኝ ሆዮን ጠይቃት አልኩት። ኮሪደሩን አሳየችው፣ እስከ ስንዝሩ።

ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ቁልጭ ይላል። ሆዮ አሁንም ግድግዳውን እየነካች ነው የምትሄደው። ለምን ስላት ግድግዳውን ለምጄዋለሁ፣ ይናፍቀኛል አለች።

መጋቢት 22

ሂርሲ ዛሬ መስታወቱ ላይ የነበረውን ጋዜጣ ላጠው። ጎማውን አጠብን፣ ዘይት ቀየረ። ሞተሩን አስነሳ፤ የጋራዡ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እጁ መሪው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ቆየ። ከዚያ አጠፋው። "ነገ" አለኝ።

እሺ ነገ አልኩት። ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ፣ ካልሆነም በሌላ ቀን። መኪናው አይበሰብስም፣ እኛም አንበሰብስም። ብቻ የሚነሳ ቀን የረዳቱ ወንበር የእኔ ነው። ያቺ ቦታ ስንደርስ ያቁም፣ ከፈለገም አያቁም፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ፊቱን አያለሁ። ሱቁን ለሆዮ ሰጥቻለሁ፤ ስኳሩን ለሰው ሁሉ በነፃ እንዳታድለው እንጂ ሌላ ስጋት የለኝም።